ፀሐይን አትክሰሷት

እስኪ ነገ ጠዋት ታክሲ ውስጥ የመስኮት ወንበር ከደረሳችሁ (ዕድል ነው፣ አውቃለሁ) ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱና ታፔላ እያያችሁ ሂዱ። ሰማያዊ ሥጋ ታያላችሁ። ቀልድ አይደለም። ሥጋ ቤቱ በር ላይ ያለው ባነር፣ ሲሰቀል ቀይ የነበረው ብልት፣ ዛሬ ሰማያዊ ነው። አለፍ ስትሉ ጁስ ቤት አለ፤ ማንጎው ሰማያዊ። የሴቶች ፀጉር ቤቱ ሙሽራ ከነከንፈሯ ሰማያዊ። የመዋዕለ ሕፃናቱ ልጆች እየሳቁ ነው፣ ግን ፊታቸው ብርድ ላይ ያደረ ሰው መስሏል። ባለቤቶቹን ብትጠይቋቸው መልሱ አንድ ነው፤ "ፀሐይ በላው።" ሁለት ቃል። ፋይሉ ተዘጋ፤ ተከሳሿ በሌለችበት ተፈረደባት።

እኔ ደግሞ ዛሬ የመጣሁት ለፀሐይ ጥብቅና ልቆም ነው።

ነገሩን ከአክስቴ ልጀምር። አክስቴ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ላይ ፀጉር ቤት አላት። በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ባነር አሳትማለች። በመጀመሪያው ላይ ያለችው ሙሽራ ዓመት ሳይሞላት ሰማያዊ ሆነች። ሁለተኛውን ነፋስ ከጥጉ ጀምሮ ቀደደው፤ አንድ ማለዳ ስትደርስ እንደተላጠ ሙዝ ተንጠልጥሎ አገኘችው። ሦስተኛውን "እንዳይለቅ" ብላ ግልጽ ላስቲክ አለበሰችው፤ ላስቲኩ ከውስጥ እርጥበት ቋጠረ፣ ከውጭ አቧራ ጠገበ፣ ቢጫ ሆነ፣ ከሥሩ ደግሞ ባነሩ እንደለመደው ነጣ። ስልክ ቁጥሩ በቀይ ነበር የተጻፈው። ቀድሞ የጠፋው እሱ ነው።

አንድ ቀን የድሮ ደንበኛዋ መንገድ ላይ አግኝታት ምን ብትላት ጥሩ ነው? "ውይ እትዬ፣ የተዘጋ መስሎኝ እኮ ነው ሌላ ጋ የሄድኩት!" ቤቱ አልተዘጋም። በር ክፍት፣ ሬዲዮ ክፍት፣ ካስኩ እየጮኸ ነው። ታፔላው ግን "ዘግተናል" እያለ ነበር። የነጣ ታፔላ ሌላ የሚናገረው ነገር የለውም። ፊደሉ ቢነበብ እንኳ አላፊው የሚያነበው "እዚህ ቤት ውስጥ ያሉት ሰዎች ተስፋ ቆርጠዋል" የሚለውን ነው። በሦስቱ ባነር ብር አክስቴ አንድ ያገለገለ ካስክ ትገዛ ነበር።

ሦስቱንም ጊዜ አብሬያት ሄጃለሁ። ሦስቱም ቤት የተለያየ ነበር፣ ጥያቄው ግን አንድ ነው። ልጁ ከኮምፒውተሩ ቀና ሳይል "ማዘር፣ ስንት በስንት ነው?" ይላል። ርዝመቱን ጠየቀ፣ ስፋቱን ጠየቀ፣ በካሬ አባዛና ዋጋ ነገራት። እሷም የኛ ሰው ናትና "ቀንስልኝ ልጄ" አለች፣ ቀነሰላት። ከምን ላይ እንደቀነሰ ግን አልነገራትም። ስንት ጊዜ እንዲቆይ እንደምትፈልግ የጠየቃት የለም። እሷም አልጠየቀችም። እኔም፣ ልሙትላችሁ፣ አልጠየቅሁም።

አሁን ወደ ተከሳሿ እንመለስ። ንጹህ ናት እያልኩ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው የተቀመጠችው። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ አልትራቫዮሌት የሚባለው ጨረር ከ10 እስከ 12 በመቶ እየጨመረ ይሄዳል። ስለዚህ ሰማዩ እኩል ጥርት ብሎ ቢውል እንኳ የኛ ግድግዳ ላይ የሚያርፈው ጨረር ባሕር ዳርቻ ላይ ካለ ከተማ ይልቅ በሩብ ያህል ይበልጣል። አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ያታልለናል እንጂ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ፣ ተራራ አናት ላይ ነን። በዚያ ላይ የቀለም አምራቾች "ከቤት ውጭ 3 ዓመት ይቆያል" ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቡት የመካከለኛው አውሮፓን ፀሐይ ነው። የኛን አይደለም። እሺ፣ ይሄ ሁሉ እውነት ነው።

ግን ጎበዝ፣ ይሄ ዛሬ የተሰማ ወሬ ነው እንዴ? ፀሐይዋ ከአክሱም ጀምሮ እዚያው ናት። አልተደበቀችም፣ ሰዓት አላዛባችም፣ እንደ መብራት በፈረቃ አልመጣችም። ጣሪያ ሳይከድን የተኛ ሰው ሌሊት ቢዘንብበት ዝናቡን ይከሳል? ባነርን የሚገድለው አሠራሩና አሰቃቀሉ ነው። ፀሐይ ቀብሩ ላይ መጥታ ስሟ የሚነሳ ዘመድ ብቻ ናት።

ሰማያዊው ሥጋ ራሱ ምስክሬ ነው። እነዚህ ትልልቅ ማሽኖች በመሠረቱ የሚያትሙት በአራት ቀለም ነው፤ ሳያን የሚባለው ሰማያዊ፣ ማጀንታ የሚባለው ሮዝ፣ ቢጫና ጥቁር። ቀይ የሚባል ቀለም ማሽኑ ውስጥ የለም። ቀይ ማለት ማጀንታና ቢጫ ተደራርበው ዓይናችንን ሲያታልሉት ነው። ከአራቱ ደግሞ ለብርሃን ደካሞቹ እነዚሁ ሁለቱ ናቸው። ጥቁሩ ከካርቦን፣ ከጥላሸት ዘመድ ነው የሚሠራው፤ እሱን ፀሐይ ብዙም አታገኘውም። ሰማያዊውም ጠንካራ ነው። ስለዚህ ማጀንታና ቢጫ ሲሄዱ ሳያንና ጥቁር ቤቱን ይወርሳሉ። ሥጋው ሰማያዊ የሆነው ለዚህ ነው።

ይሄን የሚያውቅ ሰው ስልክ ቁጥር በቀይ ይጽፋል? አይጽፍም። በማሽን የሚታተም ቀይ ሁለት ደካሞች ተደጋግፈው የቆሙበት ነገር ነው። ስምና ስልክ በጥቁር ወይም በደማቅ ሰማያዊ ይሁን፤ ቀዩና ብርቱካኑ ጌጥ ላይ ይዋል፣ ቢጠፋም የሚጎዳ ነገር የለም። ይሄ ተጨማሪ ሳንቲም አያስወጣም! ዲዛይን የሚሠራው ልጅ ያውቀዋል፤ በር ላይ የራሱን የነጣ ታፔላ በየቀኑ እያለፈው ይገባል እኮ። ግን ቀይ ፊደል በቢጫ ጠርዝ ኮምፒውተሩ ላይ "ይናገራል"። ኮምፒውተሩ ላይ ፀሐይ የለም።

ቀለም እንኳ አንድ ዓይነት አይደለም። ለቤት ውስጥ የሚሆን አለ፣ ለውጭ የሚሆን አለ። ውሃ ላይ የተበጠበጠው ርካሹ ቀለም ውጭ ከወጣ ዕድሜው የሚቆጠረው በሳምንት ነው። ሶልቬንት የሚባለው ፕላስቲኩን ትንሽ በላ አድርጎ ውስጡ ስለሚሰርግ ይቆያል። ብራንዱ የማይታወቅ ጠርሙስ ከመጣ ደግሞ ምን እንደሆነ ራሱ አታሚውም አያውቅም። በዚያ ላይ ማሽኑ "ፍጥነት" ላይ ሲደረግ በአንድ ቦታ ላይ የሚመላለስበትን ቁጥር ይቀንሳል፤ የሚረጨው ቀለም ይሳሳል። ሲሰጧችሁ ያምራል። ቀጭን ቀለም ግን ቶሎ ያልቃል፣ ሌላ ተአምር የለውም። "ከሰዓት ኑና ውሰዱ" የሚሉት ነገርም አለ። ሶልቬንት ቀለም ጋዙ እስኪወጣለት አንድ ቀን ያህል ይፈልጋል። ትኩሱን ጠቅልሎ መስጠት ወይም ላዩ ላይ መከላከያ ፕላስቲክ መለጠፍ እርጥብ ጠጉር ላይ ሻሽ እንደማሰር ነው፤ አክስቴን ጠይቋት።

ጨርቁም እንደዚያው። ባነር የምንለው ነገር ውስጡ የፖሊስተር ክር መረብ፣ ላዩና ታቹ ፒቪሲ ነው። በግራም ይለካል፤ በካሬ 280 አለ፣ 340 አለ፣ 440 አለ፣ 510 አለ። ፒቪሲ በተፈጥሮው ደረቅ ነገር ነው፤ የሚለሰልሰው በሚጨመርበት ማለስለሻ ነው። ሙቀትና ጊዜ ያን ማለስለሻ ያወጡታል፣ ፒቪሲው እንደ ጠና እንጀራ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ የቀረው ቀጭን ክር ነው። ሲጠቀለል እንጂ ሲታጠፍ ደግሞ አይወድም፤ የታጠፈበት መስመር በኋላ የሚሰነጠቅበት መስመር ነው። የታተመው ፊት ወደ ውጭ ሆኖ በወፍራም ቱቦ ላይ ይጠቀለላል። እንደ ጋቢ አጣጥፎ ፌስታል ውስጥ መክተት የለም።

ነፋሱን እንቁጠረው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ አለኝ። 3 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ ባነር 6 ካሬ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ነፋስ ፊት ለፊት ሲመታው ከ70 ኪሎ ያላነሰ ጫና ያሳርፍበታል። አንድ ሙሉ ሰው ተንጠለጠለበት በሉት። ማተሚያ ቤቱ በአራት ጥግ አራት ቀለበት ብቻ ከመታለት እያንዳንዱ ጥግ ወደ 18 ኪሎ ይሸከማል። ዙሪያውን በየግማሽ ሜትሩ ቀለበት ቢኖረው ሃያ ቀለበት ይሆናል፤ ለእያንዳንዱ ሦስት ኪሎ ተኩል። ያው ባነር፣ ያው ነፋስ። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ ጫናው አራት እጥፍ ነው፤ በክረምት መግቢያ ያለውን ነፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጠርዙ ወደ ኋላ ታጥፎ በሙቀት መጣበቅ አለበት፣ ቀለበቱ የሚመታው እዚያ ድርብ ላይ ነው። ነጠላው ላይ ከተመታ ቀለበቱ ራሱ የመቅደጃ መጀመሪያ ቀዳዳ ነው። የአክስቴ ሁለተኛ ባነር የሞተው እንደዚህ ነው። የተቀደደውን ጥግ አገላብጬ አየሁት፤ ነጠላ።

ከዚያ ሰቃዩ ይመጣል፤ መሰላል በትከሻ፣ ሽቦ በኪስ። ሽቦ ዝገቱን ያወርዳል፣ ቀለበቱን እንደ መጋዝ ይበላዋል፣ አይሳብም። ናይለን ገመድ ትንሽ ይለጠጣል፣ ነፋሱን ይቀበለውና ይመልሰዋል። ባነር ደግሞ ከነፋስ ይልቅ የሚገድለው መንጨፍጨፍ ነው። ላላ ብሎ የተሰቀለ ባነር ሌሊቱን በሙሉ ራሱን በጥፊ ሲመታ ያድራል። እንደ ከበሮ ተወጥሮ ቱቦላሬ ፍሬም ላይ የታሰረው ግን ይቆማል። ታዲያ የኛ ሰው መፍትሔው ምንድን ነው? በምላጭ ግማሽ ጨረቃ ጨረቃ እያደረጉ መብሳት! "ነፋስ እንዲያሳልፍ" ይሉታል። የሚያሳልፈው ጥቂት ነው፤ እያንዳንዱ ቁርጥ ግን የነገ ቅዳጅ ነው። ነፋስ የሚበዛበት ቦታ ከሆነ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ሜሽ የሚባል አለ፣ እሱ ነው የሚታዘዘው።

አንድ ማንም የማያስበው ነገር ልጨምር፣ የግድግዳው አቅጣጫ። አዲስ አበባ ላይ የቀትር ፀሐይ አብዛኛውን ዓመት በደቡብ በኩል ነው የምታልፈው። ወደ ሰሜን የምትሻገረው ከሚያዝያ የመጀመሪያው ሳምንት እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ ነው፣ ከዚህ ውስጥ ደግሞ አብዛኛውን ደመና ይሸፍናታል። ስለዚህ ወደ ሰሜን የሚያይ ታፔላ በነፃ ዕድሜ ተጨምሮለታል፤ ወደ ደቡብ የሚያይ ደግሞ ከመስከረም እስከ መጋቢት ጥርት ባለው ሰማይ ሥር ይጠበሳል። ሱቃችሁን አዙሩ አልልም። ግን ደቡብ የሚያየው ባነር ላይ የተሻለ ቀለምና መከላከያ ልባስ አድርጉ፣ ሰሜን የሚያየው ላይ ብራችሁን ቆጥቡ። ወይም ከላዩ አንድ ክንድ የሚያህል ቆርቆሮ ክፈፍ አውጡለት። የቀትር ፀሐይን ቆርቆሮ ነው የሚያሸንፋት።

እጥበትን ቶሎ ልለፈው፤ ለስላሳ ጨርቅ፣ ለብ ያለ ውሃ፣ ትንሽ ሳሙና። ቤንዚን የለም! በረኪና የለም! የሶልቬንት ቀለምን በቤንዚን መጥረግ ማለት ባነሩን በእጅ መሰረዝ ነው። ጋራዥ ሠፈር ያላችሁ ሰዎች ለእናንተ ነው የምናገረው።

እስካሁን በትናንሽ ሰዎች ላይ ጮኽኩ። ትልልቆቹን እንዴት ልለፋቸው? አክስቴ ሦስት ባነር ያሳተመችው ሳትወድ ነው። መሥሪያ ቤቶቻችን ግን ባነርን የሚያሳትሙት ዕድሜውን ራሳቸው በፊደል ጽፈውበት ነው፤ "ከመስከረም 5 እስከ 7"። ሦስት ቀን! በ440 ግራም ፒቪሲ ላይ፣ ዓመታት ሊቆይ በሚችል ነገር ላይ የሦስት ቀን ሥልጠና። 2000 ዓ.ም. ሚሊኒየሙ ሲከበር ከተማው በባነር ተሸፈነ፤ እኛም ለመድነው፣ ከዚያ ወዲህ ያለ ባነር ስብሰባ የማይጀመር፣ ያለ ባነር ፎቶ የማይነሳ ሕዝብ ሆንን። "ለ4ኛ ጊዜ" የሚለው ቁጥር ባይታተም ያው ባነር ለ5ኛም ለ6ኛም ይሆን ነበር። ቁጥርና ቀን በተለየ ቁራጭ አትሞ ከታች መለጠፍ ምን ያስቸግራል? የአንዳንድ ቤት "እንኳን አደረሳችሁ" ዓመት ስለሌለው በየዓመቱ ይወጣል፤ በቆጣቢነት ይሁን በመርሳት እንጃ፣ እኔ ግን አደንቃለሁ።

የሚገርመው ደግሞ ስብሰባው ያለቀበት ባነር በሁለተኛ ሕይወቱ ከመጀመሪያው የበለጠ መቆየቱ ነው። ቲማቲም የምትሸጠው ሴትዮ ጥላ ሆኖ፣ የጀበና ቡና መጋረጃ ሆኖ፣ የሚያፈስ ጣሪያ ልብስ ሆኖ ክረምት ከበጋ ያገለግላል። ለምን? አጥብቃ ስላሰረችው። ወጥራ ስላሰረችው። ሲላላ ተነስታ ስለምታጠብቀው። ባለ ዲግሪው የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ያላወቀውን እሷ ታውቃለች፤ ባለቤት አለው።

"ደንበኛው ርካሽ ነው የሚፈልገው" ትሉኛላችሁ፣ አታሚዎች። አውቃለሁ። በከፊል እውነት ነው፤ ጨርቁም ቀለሙም ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ዶላሩ ደግሞ የሚሆነውን እየሆነ ነው። ግን ደንበኛው ርካሽ የፈለገው ከምን ጋር አወዳድሮ ነው? አንድ ዋጋ ብቻ ነው ያስቀመጣችሁለት። "ይሄ ለወር ነው፣ ይሄ ለዓመት ነው፣ ይሄ ለሁለት ዓመት ነው" ብላችሁ ሦስት ዋጋ ብትነግሩት ሰው እኮ ያስባል። ጫማ ሲገዛ ሶሉን አጥፎ የሚያይ ሕዝብ ነው! ለሦስት ቀን ሠርግ ርካሹን ይውሰድ፣ ማን ከለከለው። የወሩን ባነር ለዓመት መሸጥ ግን ንግድ አይባልም፤ ስሙን እናንተው አውጡለት።

ድሮ እንዲህ አልነበረም ብዬ አላለቅስም። ድሮ አቡጀዲ ላይ በብሩሽ የተጻፈ መፈክር አንድ ዝናብ ይበቃው ነበር። ላሜራ ላይ በዘይት ቀለም የሚጻፈው ታፔላ ግን ሌላ ነው። አንቲረስት ይቀባል፣ ይደርቃል፣ ነጭ ይቀባል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ ጥቁር ፊደል። ሲነጣ ሰዓሊው መጥቶ ይደግመዋል። ፀጉር ቤት በር ላይ የሚሣለው ጭንቅላት ከማንም ደንበኛ ጭንቅላት ጋር አይመሳሰልም፣ ያም ቢሆን ቀይ ከንፈሩ ዓመታት ይቆይ ነበር። ያ ሰዓሊ አንድ የሚያደርገው ነገር ነበረው፤ ከታች በቀኝ ጥግ በትንሽ ፊደል ስሙን ይጽፋል፣ አንዳንዱ ዓመተ ምሕረቱንም ይጨምራል። ከተላጠ ማን እንደሠራው ሠፈሩ ሁሉ ያነባል። የዛሬው ባነር ስም የለውም። የት እንደታተመ፣ መቼ እንደታተመ፣ በምን ቀለም እንደታተመ የሚናገር አንድ ፊደል የለበትም። ወተት እንኳ ላስቲኩ ላይ ቀን አለው።

እኔ የምጠይቀው ያንን ጥግ ነው። አንድ መዳፍ የማይሞላ ቦታ። የታተመበት ቀን፣ የጨርቁ ግራም፣ የቀለሙ ዓይነት፣ እስከ መቼ እንደሚቆይ። መመሪያ እስኪወጣ አትጠብቁ፣ ደንበኛው ራሱ "ጻፍልኝ" ይበል። መጻፍ የማይፈልግ አታሚ መልሱን ሰጥቷችኋል ማለት ነው፤ ቀጣዩ በር ይሂዱ።

ባለፈው ሳምንት ከአክስቴ ጋር ለአራተኛው ሄድን። ልጁ ያው "ማዘር፣ ስንት በስንት ነው?" አለ። አክስቴ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስተካክላ "እሱን እነግርሃለሁ። መጀመሪያ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ ንገረኝ፣ ልጄ" አለችው። ከኮምፒውተሩ ቀና አለ። ሳቀ። ከዚያ ተነስቶ ከጓዳ ሌላ ጥቅልል አወጣ፣ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ይዛ እንድታየው ሰጣት፤ ካለፉት ይወፍራል፣ በካሬም ይወደዳል። ቀንስልኝ አላለችም፣ ይሄ ራሱ ዜና ነው። ስልኩ በጥቁር፣ ቀለበቱ በየግማሽ ሜትሩ፣ ጠርዙ ድርብ። በማግስቱ ስንሄድ ጋዙ ወጥቶለት ጠበቀን። ጥጉ ላይ ቀን የለም። አሳየሁት። "ፋይሉ ላይ ረሳሁት" አለና ከጆሮው ላይ የማይለቅ ማርከር አውርዶ ቀኑን ጻፈ፣ ትንሽ አሰበና ስሙን ጨመረበት።

ቅዳሜ እንሰቅላለን። መሰላል አለ፣ ገመድ አለ። ሽቦ ይዞ የሚመጣ እንዳይመጣ።